ገበሬው ማሳው ላይ ዛፍ እንዲያሳድግ እንዴት እናበረታታ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የጻፍኩት ከገበሬዎች ጋር ለሚሰሩ ሰዎች ነው። የግብርና ባለሙያ ሁኑ፣ የማኅበር አስተባባሪ ሁኑ፣ ወይም አባታችሁን ለማሳመን የምትሞክሩ ልጆች ሁኑ፣ የሚገጥሟችሁ ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ስለ ዛፍ ጥቅም ስለተሰበከለት ብቻ ዛፍ የሚያሳድግ ገበሬ ጥቂት ነው። ዛፉ የራሱ መሆኑን ካመነ፣ ቶሎ እጁ የሚገባ ነገር ካየበትና የጎረቤቱ ማሳ ላይ ሲሰራ ከተመለከተ ግን ማንም ሳይጎተጉተው ይጀምራል።

ጥምር ደን እርሻ ሲባል ምን ማለት ነው?

ዛፍን ከሰብል ወይም ከከብት ጋር በአንድ መሬት ላይ ሆን ብሎ አብሮ ማልማት ነው። አግሮፎረስትሪ የሚባለውም ይኸው ነው። "ሆን ብሎ" የምትለዋ ላይ አስምሩባት። ገበሬው ዛፉ የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚገረዝ፣ ቅጠሉ ለምን እንደሚውል አስቦበት ሲይዘው ነው ነገሩ ጥምር እርሻ የሚሆነው።

አዲስ ነገር አይደለም። ታንዛኒያ ውስጥ በኪሊማንጃሮ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚኖሩት የቻጋ ሕዝቦች ሙዝና ቡናን ከረጃጅም ዛፎች ስር ለብዙ ትውልድ ሲያለሙ ኖረዋል። ጌዴኦዎችም እንሰትና ቡናን ከአገር በቀል ዛፎች ጋር እንዲሁ፤ መልክዓ ምድራቸው እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዘግይቶ የመጣው ምርምሩ ነው። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው ዓለም አቀፍ የጥምር ደን እርሻ ምርምር ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ስለዚህ ወደ ገበሬው ስትሄዱ ጭራሽ የማያውቀውን ነገር ልታስተምሩት እንደምትሄዱ አታስቡ። የትኛው ዛፍ ስር እህል እንደሚያምርና የትኛው ስር እንደሚጫጫ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሽማግሌ በየመንደሩ አለ። መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

ዛፍ ሰብሉን አይሻማም ወይ?

ይሻማል። ይህን ክዳችሁ ከጀመራችሁ ወሬው እዚያው ያበቃል፣ ምክንያቱም ገበሬው ባህር ዛፍ ዳር የተዘራ እህል ምን እንደሚመስል በዓይኑ አይቷል። ዛፍ ብርሃን ይሻማል፣ ውሃ ይሻማል፣ ንጥረ ነገርም ይሻማል። መነጋገር ያለብን የትኛው ዛፍ፣ የት ቦታ፣ በምን ዓይነት አያያዝ የሚለውን ነው።

ሁሌ የማነሳው ምሳሌ አንዳንዶች ገርቢ ሌሎች ሞሞና የሚሉት የግራር ዓይነት ነው። ይህ ዛፍ ጠባዩ ከሌሎቹ ተቃራኒ ነው። ዝናብ ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። ሰብሉ ፀሐይ በሚፈልግበት ሰዓት ዛፉ ራቁቱን ነው ማለት ነው፤ የረገፈው ቅጠል አፈሩ ላይ ይበሰብሳል፣ በበጋ ደግሞ ሣር ሲጠፋ ከብቱ ከስሩ ጥላ ያገኛል፣ የሚወድቀውን ፍሬም ይለቅማል። በ10 ሜትር በ10 ሜትር ርቀት ቢያዝ በሄክታር 100 ዛፍ ይሆናል፣ በመካከሉ እንደልብ ይታረሳል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከዚህ ዛፍ ስር የበቀለ በቆሎና ማሽላ ከዛፉ ውጪ ካለው ተሽሎ መገኘቱ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ግን ዛፉ ለዚህ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፣ ይህንንም ሳትሸሽጉ ንገሩ።

ለሌሎቹ ዛፎች መፍትሔው መግረዝ ነው። ግራቪሊያን ውሰዱ። ኬንያ ውስጥ ደጋማ ቦታዎች ላይ በማሳ ድንበር ተደርድሮ የሚታየው አንዱ ምክንያት ቅርንጫፉ ደጋግሞ ሲመለመል ስለሚችል ነው። ገበሬው ሰብል ከመዝራቱ በፊት ይመለምለዋል፣ ቅርንጫፉ ማገዶ ይሆናል፣ ማሳው ብርሃን ያገኛል፣ ግንዱ ለጣውላ ይወፍራል። ባህር ዛፍ ግን ከሰብል ማሳ ይራቅ። ለብቻው ቦታ ካለው ይተከል፣ ገንዘብ ያመጣልና አልከለክልም፣ እህል አጠገብ ግን በፍጹም።

ገበሬዎች ጥቅሙን እያወቁ ለምን እምቢ ይላሉ?

"ግንዛቤ ስለሌላቸው" የሚለውን መልስ እባካችሁ ተዉት። እምቢታው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለው፣ ቁጭ ብሎ ለሚሰማም ገበሬው አይደብቀውም።

ትልቁ ምክንያት ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በጣም የተማመኑበት አንድ ዘዴ ነበር። ናይትሮጅን የሚሰጥ ቁጥቋጦ በረድፍ ይተከላል፣ በረድፎቹ መካከል በቆሎ ይዘራል፣ ቁጥቋጦው በየጊዜው እየተቆረጠ ቅጠሉ ማሳው ላይ ይበተናል። ምርምር ጣቢያ ውስጥ ሲታይ ያማልላል። ገበሬው ጋ ሲደርስ ግን የመቁረጫው ጊዜ ከዘርና ከአረም ሥራ ጋር ተጋጨ። አንድ ዙር ካመለጠ ቁጥቋጦው በቆሎውን ይውጠዋል። ዝናብ አጠር በሆነው አካባቢ ደግሞ የውሃ ሽሚያው ከማዳበሪያነቱ ጥቅም በለጠ። ብዙዎቹ ሞክረው ተዉት። እዚህ ላይ ገበሬውን የሚወቅስ ካለ እኔ አልስማማም። የሰውን ጉልበት ሒሳብ ውስጥ ያላስገባ ምክር ነው የወደቀው።

ሌላው ጊዜ ነው። መሬቱ ትንሽ የሆነ ሰው አንድ ወቅት ከከሰረ ቤተሰቡ ይራባል፣ ስለዚህ ከ5 ዓመት በኋላ የሚመጣ ጥቅም ጆሮው አይገባም፣ ቢገባም አቅሙ አይፈቅድለትም። ሌሎቹን፣ ማለትም የባለቤትነትና የግጦሽ ነገር፣ ከታች ለየብቻ እመለስባቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን ውይይት ከየት ልጀምር?

ከዛፍ አትጀምሩ። ምን እንደሚቸግረው ጠይቁት። በበጋ መኖ ነው የሚያጥረው? ማገዶ ፍለጋ ሩቅ ይኬዳል? አፈሩ ነጥቷል? በዓመቱ መካከል እጅ ላይ የሚገባ ገንዘብ የለም? ለእያንዳንዱ ችግር የሚሆን ዛፍ አለ፣ ግን ለሁሉም አንድ ዛፍ የለም።

ምሳሌ ልስጥ። ካሊያንድራ የሚባል የመኖ ቁጥቋጦ በኬንያ ደጋማ አካባቢ የወተት ላም ባላቸው አነስተኛ ገበሬዎች ዘንድ በደንብ ተስፋፍቷል። ቦታ አይፈጅም፤ በድንበርና በእርከን ላይ ይሰለፋል። አንዲት ላም ዓመቱን ሙሉ በቀን 2 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ከእሱ እንድታገኝ 500 ያህል ቁጥቋጦ ይበቃል ተብሎ ይሰላል። ገበሬው ካሊያንድራን የወደደው ከአየር ንብረት ንግግር ሰምቶ አይመስለኝም። ከገበያ የሚገዛውን መኖ ሲቀንስለትና ወተቱ ሲጨምር ስላየ ነው።

ደግሞ ሴቶቹን ለብቻቸው አነጋግሩ። ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ባልየው ጣውላ የሚሆን ዛፍ ይመርጣል፣ ሚስት ማገዶ፣ መኖና ለልጆች የሚሆን ፍራፍሬ ትመርጣለች፤ ችግኙን በበጋ ውሃ የምታጠጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሷ ናት። የምታጠጣው ሰው ያልመረጠችው ችግኝ ዕድሜው አጭር ነው።

ችግኝ በነጻ ብናድል አይበቃም?

አይበቃም። በነጻ የመጣ ችግኝ በነጻ ይደርቃል። የምትቆጥሩት የተተከለውን ብቻ ከሆነ ደግሞ ማንም አያውቅባችሁም፣ ሪፖርቱ ያምራል፣ ማሳው ባዶ ይቀራል።

የተሻለው መንገድ ጥቂት ገበሬዎች ራሳቸው ችግኝ እንዲያፈሉ ማገዝ ነው። ከባድ ሥራ አይደለም። ቅርፊታቸው ጠንካራ የሆኑ እንደ ግራርና ሉኪንያ ያሉ ዘሮች ዝም ብለው ከተዘሩ ለወራት ሊተኙ ይችላሉ። ውሃ አፍልታችሁ ከእሳቱ አውርዱት፣ ዘሩን ጨምሩበት፣ እስኪቀዘቅዝ ተዉትና እዚያው ይደር። ጠዋት አብጠው የምታገኟቸው ለመዘራት ደርሰዋል፤ ያላበጡትን እንደገና በዚያው መንገድ ማድረግ ይቻላል። እሳት ላይ ሆኖ ከፈላ ግን ዘሩ ይሞታል፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ችግኙ ወደ ማሳ ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ጥላው ቀስ በቀስ ይነሳለት፣ ውሃውም ይቀነስለት። በቅምጥል ያደገ ችግኝ የማሳ ፀሐይ አይችልም። ሲተከልም ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውለቅ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተተከለ፣ ወይም ሥሩ ጉድጓዱ ውስጥ ወደ ላይ ታጥፎ የቀረ ችግኝ መጀመሪያ ደህና መስሎ ከቆየ በኋላ ነው ድንገት የሚጠወልገው፣ ያኔ ገበሬው ዛፉን እንጂ አተካከሉን አይወቅስም።

ሳይተከል የሚገኝ ዛፍ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም ቀድሞ መሞከር ያለበትም ይህ ነው። ብዙ ማሳዎች ላይ ከመሬት በታች በሕይወት ያለ ጉቶና ሥር አለ። በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ ገበሬው በየዓመቱ ይመነጥረዋል።

ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ኒጀር ውስጥ ማራዲ አካባቢ ለዓመታት ችግኝ ሲያስተክል አብዛኛው እየደረቀበት ተስፋ ቆርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ አንድ ተራ ቁጥቋጦ የመሰለውን ቀረብ ብሎ ሲያይ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ላይ የወጣ ቀንበጥ ሆኖ አገኘው። ከዚያ በኋላ ሥራው መትከል ሳይሆን ያለውን እንዲያድግ መተው ሆነ። ዘዴው ከገበሬ ወደ ገበሬ እየተላለፈ በኒጀር ከ5 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፍኗል። ሪናውዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከምንጣሮ በፊት ማሳውን ዞራችሁ የሚያቆጠቁጡ ጉቶዎችን ምረጡ። ከአንዱ ጉቶ ላይ 20 እና 30 ቀንበጥ ሊወጣ ይችላል። ከመካከላቸው ቀጥ ያሉና ጠንካሮቹን ከ3 እስከ 5 አስቀሩ፣ ሌላውን በተሳለ መሣሪያ ከሥሩ አንሱት። የቀሩትን ቀንበጦች የጎን ቅርንጫፋቸውን እስከ ቁመታቸው ግማሽ ድረስ መልምሉ፣ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ይዳከማሉ። በየጥቂት ወሩ ተመልሳችሁ አዲስ የሚወጣውን አንሱ። የተቆረጠው ማገዶ ወዲያው ቤት ይገባል፣ ቅጠሉ ማሳው ላይ ይቀራል። ሥሩ አስቀድሞ ጥልቅ ስለሆነ ውሃ አጠጡኝ አይልም፣ ከችግኝም ፈጥኖ ያድጋል። ወጪው ጉልበት ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ገበሬ ከምንጣሮ ሥራው ጋር አብሮ የሚሰራው።

ዛፉ እስኪደርስ ገበሬው ምን ያገኛል?

ቅደም ተከተል ካወጣችሁ በየዓመቱ የሆነ ነገር ያገኛል። የርግብ አተር በመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ይሰጣል፣ ግንዱም ማገዶ ይሆናል። የመኖ ቁጥቋጦዎች ዓመት ሳይሞላቸው ወይም ዓመት እንደሞላቸው ለመጀመሪያ ቆረጣ ይደርሳሉ። ተዳቅሎ የተዘጋጀ፣ ማለትም የአንዱ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ የተቀጠለ ማንጎና አቮካዶ ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ማፍራት ይጀምራል፣ ከዘር በቀጥታ የበቀለው ግን ብዙ ያስጠብቃል። ጣውላ ከ10 ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ ጣውላ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ቶሎ የሚደርሰውን ከዘገየው ጋር አብራችሁ ስጡት፣ የመጀመሪያው ትዕግሥት ይገዛለታል።

መሬቱ ጠባብ ለሆነ ገበሬስ?

ድንበር፣ እርከን፣ ጓሮ። ድንበርና እርከን ላይ ሰብል ብዙም አይዘራም። እርከን ላይ የተተከለ የመኖ ቁጥቋጦ አፈሩን ይይዛል፣ እርከኑንም ያጠናክራል። ድንበር ላይ ግን ጎረቤት ሳይስማማ ዛፍ አይተከል፣ ጥላውና ሥሩ ወደ እሱ ማሳ ስለሚሻገር ነገ ጠብ ይሆናል።

ዛፍ ወፍ አይሰበስብም?

ማሽላ የሚዘሩ ገበሬዎች ይህን ሲያነሱ አትሳቁ። እህል በል ወፎች ዛፍ ላይ ያርፋሉ፣ ያድራሉም። በአካባቢው ወፍ ከባድ ችግር ከሆነ ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ያለውን ዛፍ ከማሽላው መካከል አርቁ፣ የቀረውን ደግሞ ከመታጨዱ በፊት መልምሉ። ዛፍ ተባይ የሚለቅሙ ወፎችንም ያመጣል፣ ይህ ግን እህሉን ያጣን ሰው አያጽናናውም።

ልቅ ግጦሽ ባለበት ችግኝ እንዴት ይተርፋል?

አንድ ገበሬ ለብቻው ሊፈታው ከማይችላቸው ጉዳዮች ዋናው ይህ ነው። እሾህ ማጠር ለጥቂት ችግኝ ይሆናል፣ ለሙሉ ማሳ ግን ጉልበቱ አይቻልም። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የመንደሩ ከብት ሁሉ ማሳ ላይ ከተለቀቀ የአንድ ሰው ጥረት በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። መፍትሔው መንደሩ ራሱ ተሰብስቦ የሚያወጣው ደንብ ነው፤ የት ይጋጣል፣ መቼ ይከለከላል፣ የጣሰ ሰው ምን ይከፍላል፣ ማን ይጠብቃል የሚለውን ሁሉ። ከውጭ የመጣ ደንብ ባለሙያው ከሄደ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከብት ያላቸውና መሬት የሌላቸው ሰዎችም ስብሰባው ላይ ይኑሩ፣ አለበለዚያ ደንቡ የሚጫነው በእነሱ ላይ ብቻ ይሆናል። እንዲሁም ከብቱ ይታሰር ከማለታችሁ በፊት የሚበላውን መኖ አስቡ። የመኖ ዛፍ አስቀድሞ የደረሰበት መንደር ውስጥ ይህ ውይይት በጣም ይቀላል።

ዛፉ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ኒጀርን እንደገና ላንሳ። ለረጅም ጊዜ እዚያ ዛፍ የመንግሥት ንብረት ተደርጎ ይቆጠር ነበር፣ የራሱን ማሳ ዛፍ የቆረጠ ገበሬም ይቀጣ ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ገበሬው ቀንበጥ ሲያይ ቶሎ ነቅሎ ይጥላል፣ ምክንያቱም ካደገ የእሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቁጥጥሩ ላላ ሲልና ገበሬው ዛፉን እንደራሱ ማየት ሲጀምር ነው መጠበቅ የጀመረው።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በምትሰሩበት አካባቢ ያለውን ሕግ አጣሩ። ገበሬው የተከለውን ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ይችላል? ማጓጓዝስ? ሴት ልጅ በባሏ ወይም በአባቷ መሬት ላይ የተከለችው ዛፍ የማን ይባላል? መሬት የሚከራይ ገበሬስ? ተከራይ የመኖ ቁጥቋጦ ሊተክል ይችል ይሆናል፣ 15 ዓመት የሚፈጅ ጣውላ እንዲተክል መጠየቅ ግን ግፍ ነው።

ዛፍ ማዳበሪያን ይተካል?

በከፊል። የአተር ዘመድ የሆኑ ብዙ ዛፎች ሥራቸው ላይ ባሉ ትንንሽ እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብረው ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ። ማየት ከፈለጋችሁ ወጣት ተክል በጥንቃቄ ቆፍራችሁ እባጩን በጥፍር ክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሰራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሰራ አይደለም። ይህን ከገበሬዎች ፊት ማድረግ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ናይትሮጅኑ በዋናነት ሰብሉ ጋ የሚደርሰው ግን ቅጠሉ አፈር ላይ ወድቆ ሲበሰብስ ነው። ቅጠሉን ሁሉ ለከብት ከሰጣችሁት ፍግ ሆኖ ካልተመለሰ በቀር ማሳው አያገኘውም። ፎስፈረስ ደግሞ ዛፍ ከአየር የሚያመጣው ነገር አይደለም፣ አፈሩ ፎስፈረስ ካጣ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። "ማዳበሪያ ከእንግዲህ አያስፈልግህም" ብላችሁ ቃል አትግቡ።

አንድ ጥሩ ዛፍ መርጠን እሱኑ ብቻ ብናስፋፋስ?

ተሞክሯል። ሉኪንያ በብዙ አገሮች ተአምረኛ ዛፍ ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንዲት ትንሽ ቀንበጥ መጣጭ ነፍሳት ከሐዋይ ተነስታ እስያን አዳረሰች፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አፍሪካ ደረሰች፤ በእሱ ብቻ የተማመኑ ሰዎች መኖ አልባ ሆኑ። በዚያ ላይ የሉኪንያ ቅጠል ሚሞሲን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው እንደ አህያና ፈረስ ላሉ የማያመሰኩ እንስሳት መርዛማ ነው፣ ለሚያመሰኩትም ቢሆን ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ቢሰጥ ይሻላል። ቢያንስ ሦስት አራት ዓይነት ቀላቅሉ፣ አገር በቀሎቹን አትዝለሉ።

የካርቦን ክፍያ ገበሬውን አያነሳሳም?

ዛፎች ከአየር ለሚይዙት ካርቦን የሚከፈለው ገንዘብ ሊረዳ ይችላል፣ ዋናው ማባበያ ግን አታድርጉት። በወላይታ ሁምቦ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ እንዲያገግም አድርገው የካርቦን ገቢ አግኝተዋል፣ የሚቻል ነገር ነው። ሆኖም ምዝገባውና ልኬቱ ረጅም ነው፣ ክፍያው ለአንድ ቤተሰብ ሲከፋፈል ትንሽ ነው፣ ዘግይቶም ነው የሚመጣው። በተስፋ ያስተከላችሁት ገበሬ ገንዘቡ ሳይመጣ ሲቀር ዛፉንም እናንተንም ይጠላል።

ሥራችን ውጤት ማምጣቱን በምን እናውቃለን?

በሁለተኛው በጋ ማብቂያ ላይ ማሳ ለማሳ ዞራችሁ በሕይወት ያለውን ቁጠሩ። የመትከያ ቀን ፎቶ ምንም አይነግራችሁም። የተገረዘ ዛፍ ፈልጉ፤ መገረዙ ገበሬው እየተጠቀመበት እንደሆነ ያሳያል። የሞተ ካለ ለምን እንደሞተ ጠይቁ፣ መልሱንም ከነቁጥሩ መዝግቡ፣ "ከብት በላው" እና "እኔ አልፈለግኩትም ነበር" በጣም የተለያዩ መልሶች ናቸውና።

ከዚያ ፕሮግራሙ ውስጥ ያልተመዘገቡትን ጎረቤቶች ማሳ እዩ። ማንም ሳይጠራቸው ዘር ተቀብለው የጀመሩ ካሉ ስማቸውን ያዙ። በሚቀጥለው ወቅት ሰርቶ ማሳያ የሚሆነው የእነሱ ማሳ ነው፣ አስረጂ የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። ለሚያጠፉት ጊዜ ደግሞ የውሎ አበል ይከፈላቸው።